የመስኮት ሰዎች

ሲስተር ጥድፊያን ቁጭ ብላ ያያት ሰው የለም። የጤና ጣቢያው ዘበኛ እንደሚለው ለእሷ ወንበር መመደብ ለዓሣ ጃንጥላ እንደመግዛት ነው። ቅጽል ስሙንም ያወጣላት እሱ ነው። በሩ ላይ ተቀምጦ ወጪ ገቢውን ሲያይ ይውላል፤ ለሠራተኛው ሁሉ አንዳንድ ስም ለጥፏል፣ እሱ የለጠፈው ደግሞ በሳሙና አይለቅም። አብራት የምትሠራውን፣ ጡረታዋ የተቃረበውን አንጋፋ ነርስ ሲስተር እርጋታ ብሏታል። አንዷ እየሮጠች፣ ሌላዋ እየተጎተተች የክፍሉ ሥራ እንደምንም ይሄዳል።

ክፍሉ የእርጉዞች ክትትል የሚደረግበት ነው። አንድ አልጋ፣ አንድ ሚዛን፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ከጠረጴዛው በላይ ደግሞ ግድግዳው ላይ በአራት ብሎን የታሰረ የደም ግፊት መለኪያ አለው። መለኪያው ግድግዳ ላይ የወጣው ከሁለት ዓመት በፊት ነው። የበፊተኛው አንድ ቀን እግር አውጥቶ ሄደና ሳይመለስ ቀረ፤ ኃላፊውም ተናዶ አዲሱን በብሎን አስመታው። ከዚያ ወዲህ ግፊቷን የምትለካ ሴት ወደ ግድግዳው ትመጣለች እንጂ መለኪያው ወደ ማንም አይሄድም። የጎማ ቱቦው ከጠረጴዛው ጠርዝ አያልፍም።

ይህ ክፍል ታዲያ በር ብቻ ሳይሆን መስኮትም አለው። በበሩ በኩል ሰልፍ አለ፤ ሠላሳም አርባም ሴት ከጠዋት ጀምሮ ወገቧን ይዛ የምትቆምበት ሰልፍ። መስኮቱ ደግሞ ወደ ጓሮው፣ ወደ ውኃው ታንከር ነው የሚከፈተው፣ በእሱ በኩል የሚመጣው ወገን ነው። የካርድ ክፍሏ ሠራተኛ ልጅ፣ የጽዳት ሠራተኛዋ ምራት፣ የዘበኛው ሚስት፣ እነዚህ ሰልፍ አያውቁም። በጓሮ ዞረው መስኮቱን ቆርቆር ያደርጋሉ፣ ካርዳቸውን ያቀብላሉ፣ ደህና ነሽ ወይ፣ ልጁስ ይንቀሳቀሳል ወይ ይባላሉ፣ የደም ማነስ ኪኒናቸውን ተቀብለው ካርዳቸው ተሞልቶላቸው ይሄዳሉ። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ይባል የለ፤ እዚያ ቤት ለወገን ሳይሰስቱ የሚቆርሱት ጊዜን ነበር። ማንም ክፉ ነገር ነው ብሎ አስቦ አያውቅም። እርጉዝ ዘመዱን ፀሐይ ላይ ሦስት ሰዓት የሚያቆም ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው? ብቻ ቱቦው መስኮቱ ድረስ አይደርስምና፣ የመስኮት ሰዎች ግፊት የሚለካው በዓይን ነበር። ፊቷ የሳቀላት ሴት መቶ አስር በሰባ ይጻፍላታል።

የሲስተር ጥድፊያ ታናሽ እህትም የመስኮት ሰው ነበረች። ሠላሳ ዓመት ቢሞላትም ቤት ውስጥ የምትጠራው ትንሿ እየተባለች ነው። እናታቸው ስትሞት ትንሿ አምስት ዓመቷ፣ ታላቅየዋ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር፤ ስለዚህ ገላዋን ያጠበቻትም፣ ፀጉሯን የጎነጎነችላትም፣ ትምህርት ቤት ያስገባቻትም፣ ስትዳር ተደብቃ ያለቀሰችላትም እሷ ናት። ትንሿ አሁን የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋች ትኖራለች። በአምስት ዓመት ትዳሯ ሁለት ጊዜ ፀንሳ ሁለቱም ወርዶባታል። ይሄኛው ሦስተኛው ነው፤ ስምንተኛ ወሩን ይዟል፤ እህትማማቾቹ ስለ እሱ ሲያወሩ አንድ ሰው የሚሰማቸው ይመስል ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ።

አዲስ ካርድ በመስኮት ስለማይከፈት፣ የመጀመሪያ ቀን ትንሿ እንደ ሰው በበር ገብታ ነበር። ሲስተር እርጋታ ግድግዳው ሥር አስቀምጣ ለካቻት፤ መቶ አስር በሰባ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ሦስት ክትትሎች ግን አንዴ በመስኮት ብቅ ብላ ሄደች፤ ሁለቴ ደግሞ ስፌት በዝቶብኛል ብላ ካርዱን ብቻ ላከችው። አመላላሹ ባሏ ነበር። የታክሲ ሾፌር ነው፤ መኪናውን በር ላይ ሞተሩን ሳያጠፋ ያቆምና በጓሮ ሮጦ ካርዱን ያቀብላል። ሲስተር ጥድፊያም በአንድ እጇ የሌላ ሴት ሆድ እየዳበሰች በሌላው ትሞላለታለች። ሁለተኛው መስመር ላይ መቶ አስር በሰባ ብላ ጻፈች። ሦስተኛው ላይ ስትደርስ፣ ያው ቁጥር ሲደጋገም ዓይን ይወጋል ብላ መቶ አሥራ አምስት በሰባ አምስት አደረገችው። አራተኛው ላይ ወደ መቶ አስሩ መለሰችው። ውሸትም ጌጥ ይወዳል። እሷ ግን ውሸት ነው አላለችም፤ እህቷን ታውቃታለቻ። ከዚያች ልጅ ገላ ላይ የማታውቀው ምን ነገር አለ?

ያለፈው እሁድ እህቷ ቤት ጎራ ብላ የትንሿን የጋብቻ ቀለበት በክር ታስሮ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሎ አየችው። ጣቴ አላስገባ አለው አለች ትንሿ። ሲስተር ጥድፊያ ሳቀችና፣ ባልሽ ሳይሰማ ፈታሽው እንዴ ብላ ቀለደችባት። ከስፌት መኪናው ሥር ስለማትነሺ ነው፣ እግርሽን ከፍ አድርገሽ ተኚ አለቻትና ተጣድፋ ወጣች። ያንን ቀለበት በአንዲት የሰልፍ ሴት አንገት ላይ ብታየው ኖሮ፣ ሴትየዋን በክንዷ ይዛ ግድግዳው ሥር ሳታስቀምጥ አትለቃትም ነበር። የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል የሚሉት እንዲህ ያለውን ነው።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ ስልኳ ጮኸ። አልጋው ላይ አንዲት ሴት ተንጋላ ነበርና በትከሻዋና በጆሮዋ መካከል አጣብቃ አነሳችው። የትንሿ ባል ነው። መንገድ ላይ ያገኘውን ሁሉ የሚሳደብ ሰው ነው፤ ከሚስቱ እህት ጋር ሲያወራ ግን ከእርስዎ ወርዶ አያውቅም። ድምፁ የተረጋጋ ነበር። ትንሿን ከትናንት ጀምሮ ራሷን ያማታል፣ ዛሬ ጠዋት ደግሞ ክር ልታስገባ መርፌው ሁለት ሆኖ ታያት፣ እርስዎን ላለማስቸገር ብዬ በመንገዴ ስለሆነ ሆስፒታል ይዣት መጣሁ አላት። ተለካች ወይ ብላ ጠየቀችው። ተለክታለች፣ መቶ ሃምሳ በምን አሉት መሰለኝ፣ ትንሽ ከፍ ብሏል፤ ነርሷ ግን ደረጃ ወጥታ ስለመጣችና ስለደነገጠች ነው አለችን አላት።

«ሐሳብ አይግባዎት እትዬ» አለ። «ካርድዎን አይተው አመሰገኑ። እንዲህ ያለ ንጹሕ ክትትል ብርቅ ነው አሉ። አረፍ ትበልና ቆይተን እንለካታለን ብለውን ወረፋ ይዘን ቁጭ ብለናል።»

ሲስተር ጥድፊያ ወንበሩን ስባ ቁጭ አለች። አልጋው ላይ ያለችው ሴት ቀና ብላ አየቻት፤ ምን ሆነሽ ነው ብላ ጠየቀቻት።  

ደረቷና ሆዷ የሚገናኙበት ላይ ያማት እንደሆነ ጠይቅልኝ አለችው። ከስልኩ ማዶ ሲንሾካሾኩ ሰማች። አዎ፣ ከጎድን አጥንቴ ሥር ያመኛል፣ ልጁ ሲራገጥ መስሎኝ ነው አለች ብሎ መለሰላት። ሲስተር ጥድፊያ ይህን ለተማሪዎች ስታስተምር በጣቶቿ የምትቆጥረው ነው፤ ራስ ምታት፣ ዓይን ብዥ ማለት፣ የሆድ አናት ሕመም፣ የእጅና የፊት እብጠት። አራተኛው ጣት ላይ ስትደርስ ድምፅሽን ከፍ አድርጊ፣ አትጠብቂ፣ ቀጥሎ የሚመጣው መንቀጥቀጥ ነው፣ እናትም ልጅም ይዞ ይሄዳል ትላቸዋለች። አሁን ሂድና ነርሷን አሁኑኑ እንድትለካት ንገራት አለችው። ሄደ፤ ተመልሶም ደወለ። በትሕትና ቁጭ በሉ አሉን፣ ደም የሚፈሳቸው ሴቶች አሉ፣ ዶክተሯም ቀዶ ጥገና ላይ ናት፣ የእርስዎ ሚስት ካርድ አያሰጋም አሉኝ አላት። ደግሞ ይህን ሲናገር ኩራት ነበረበት።

ወደ ሆስፒታሉ የእናቶች ክፍል ደወለች፤ ተይዟል። ደግማ ደወለች፤ ይጠራል፣ የሚያነሳ የለም። ቀጣይዋን ሴት አስገባች፣ ለካቻት፣ ልትጽፍ ስትል ቁጥሩ ጠፋባት። እንደገና ለካቻት። እንደገና ጠፋባት። እስክሪብቶውን ጣለችና መስኮቱን ሄዳ ከፈተችው፣ ዘጋችው፣ ከፈተችው። በዚህ ሥራ ዐሥራ አራት ዓመት ሙሉ ስትሮጥ የኖረችው ሁሉ ዛሬ ለሚያስፈልጋት አንድ ሩጫ ልምምድ መሰላት።

ሲስተር እርጋታ ከሚዛኑ ጋር ሆና ሁሉንም ታይ ነበር። ጠጋ ብላ ምን እንደሆነች ጠየቀቻት፤ ሲስተር ጥድፊያም በአጭሩ ነገረቻት። አንጋፋዋ ነርስ የሰማችውን ለማላመጥ እንደ ልማዷ ጊዜ ወሰደች።

«ሂጂ» አለቻት በመጨረሻ። «እኔ ሰልፉን እይዛለሁ። ራስ ምታቷን፣ ዓይኗን፣ ያበጠ ጣቷን ንገሪያቸው። ስለ ካርዱ ግን ማን ጠየቀሽ? ያንን መስኮት ከነካሽው የሁላችንም እጅ አለበት።»

ክፉ ሴት አይደለችም። ጡረታ ልትወጣ ሁለት ወር ቀርቷታል፣ እሷም የወንድሟን ልጅ ካርድ በመስኮት ሞልታለች። ምክሩ ሲስተር ጥድፊያ ልብ ውስጥ ገብቶ ቁጭ አለ። እውነትም ማን ጠየቃት? ነጭ ጋውኗን ሳታወልቅ በሰልፉ መካከል አልፋ ወጣች። ከሴቶቹ አንዷ፣ ይቺ ደግሞ ወዴት ልትበር ነው አለች፣ ሌሎቹ ሳቁ። ዘበኛው ደግሞ ከመቀመጫው ብድግ ብሎ በሩን ከፈተላት፤ ፊቷን አይቶ ቀልዱን ዋጠው።

ታክሲው አምስት ቦታ ቆመ። በያንዳንዱ ቦታ አንድ ሰው ወርዶ ሁለት ይገባል፣ ረዳቱ ትንሽ ጠጋ በሉ ይላል፣ ሲስተር ጥድፊያ ጉልበቷን ትደበድባለች። በውስጧ የምትለውን ትለማመድ ነበር። እህቴ ናት፣ ምልክቶቹ ሁሉ አሉባት፣ እባክሽ እንደገና ለኪያት። ይበቃል። ይህን ካለች ይለኳታል፣ መለኪያው እውነቱን ይናገራል፣ ካርዱም ተረስቶ ይቀራል። ደግሞ ወዲያው፣ ካልለኳትስ? ትላለች። የትራፊክ መብራቱ ጋ መንገዱ ጭራሽ ቆመ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ሲሏት ትስቅ የነበረችው ሴት፣ አሁን ያፈሰሰችው ነገር የሚለቀም መሆኑን ፈጣሪዋን እየጠየቀች ከታክሲው ወርዳ በእግሯ ሮጠች።

የሆስፒታሉ ወላዶች መቀበያ ረጅም ኮሪደር ነው፤ በግራና በቀኝ አግዳሚ ወንበር፣ በመጨረሻው ላይ የነርሷ ጠረጴዛ። ትንሿ በግራ በኩል፣ ከባሏ ትከሻ ላይ ተደግፋ ተቀምጣለች። ብርሃን አስጠልቷት ሻሿን ዓይኗ ላይ ጥላዋለች። ሲስተር ጥድፊያ ሻሹን ገለጥ አደረገችው። የእህቷ ፊት ነበር፣ ግን የቅንድቧ ሥር አብጦ፣ አፍንጫዋ ሰፍቶ፣ እሁድ ዕለት ያልነበረ ሌላ ፊት ተደርቦበታል። ምናልባትም ነበረ።

ትንሿ ፈገግ ለማለት ሞከረች። መጣሽ አለቻት፤ ልጁ እየተንቀሳቀሰ ነው፣ አትፍሪ አለቻት ደግሞ፣ ታላቅየዋን ለማጽናናት።

የመቀበያዋ ነርስ ወጣት ናት። ሲስተር ጥድፊያን ስታይ ከወንበሯ ተነሳች፤ ከአራት ዓመት በፊት ተለማማጅ ሆና ጤና ጣቢያው ስትመጣ የመጀመሪያዋን ወላድ ያዋለደችው በሲስተር ጥድፊያ እጅ ሥር ነው። አሁን አጠገቧ ሦስት የራሷ ተለማማጆች ቆመዋል። የትንሿ ካርድ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቶ ነበር፤ ለተለማማጆቹ እያሳየቻቸው ነበር። ሲስተር ጥድፊያ በታክሲ ውስጥ የተለማመደችውን አለች። ራስ ምታት፣ ዓይን፣ የሆድ አናት፣ ጣት። እባክሽ አሁን ለኪያት አለቻት።

ወጣቷ ነርስ በአክብሮት ሰማቻት። ከአንድ ሰዓት በፊት ለክቻታለሁ አለች፣ እለካታለሁም፣ ግን እዚያ ማዶ ያለችው ደም እየፈሰሳት ነው፣ እዚህ ያለችው ደግሞ ምጥ ጠንቶባታል፣ አንድ መለኪያ ነው ያለኝ አለቻት። ራስ ምታት ያላት እርጉዝ በቀን ሃያ ትመጣለች፤ የምለየው በካርዳቸው ነው አለቻት። ከዚያም ካርዱን አነሳችው።

«ሌላ ሰው ቢጽፈው እጠራጠር ነበር» አለች። «የእርስዎ እጅ ጽሑፍ ባይሆን ይህን ጊዜ አልጋ ላይ ነበረች።»

ኮሪደሩ ውስጥ ሰው ሁሉ በየራሱ ጉዳይ ነበር። ሲስተር ጥድፊያ ግን ሁሉም የሚያዩዋት መሰላት። ካርዱን አየችው፤ እውነትም ያምራል። ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም ይላሉ፤ የዚህ ካርድ ባለቤት እሷ ናት። ቀስ ብላ ለብቻዋ ልትነግራት ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለች፣ ከጀርባዋ የትንሿን ማቃሰት ሰማች፣ እና ያሰበችው ሹክሹክታ ጮክ ብሎ ወጣ።

«ካርዱን ተዪው። የመጀመሪያው መስመር ብቻ ነው እውነት። የቀረውን የጻፍኩት ሳልለካ ነው። እህቴ ስለሆነች አንድም ቀን አልለካኋትም።»

ከተለማማጆቹ አንዷ ዓይኗን ወደ መሬት መለሰች። ወጣቷ ነርስ ካርዱን ጠረጴዛው ላይ ጣለችው። ከዚያ መለኪያውን ከምጠኛዋ ክንድ ላይ ፈታ እየሮጠች መጣች። መቶ ሰማንያ በመቶ ሃያ። ደግማ ለካች፤ ያው ነው። ሽንቷን ሲያዩት በፕሮቲን ተሞልቷል። አልጋ መጣ፣ መርፌ መጣ፣ ዶክተሯ ቀዶ ጥገናውን ለረዳቷ ትታ ጓንቷን እያወለቀች መጣች። ሁለት እጅ የነበረው ክፍል በአንዴ ስምንት እጅ አወጣ።

ዶክተሯ አጭር፣ ድካም የማይታይባት ሴት ነበረች። ሲስተር ጥድፊያን ከአልጋው ራስጌ አቁማ ግፊቱ መቼ እንደጀመራት ጠየቀቻት።

«አላውቅም» አለች ሲስተር ጥድፊያ።

ያለፈው ሳምንት? አላውቅም። ያለፈው ወር? አላውቅም። ይህን ቃል የሚነግሯትን ሴቶች ስትቆጣ ዐሥራ አራት ዓመት ሆኗታል፤ እንዴት የራስሽን ገላ አታውቂም ትላቸው ነበር። ዶክተሯ አልተቆጣቻትም። ካርዱን ባምን ኖሮ እስከ ከሰዓት አቆያት ነበር አለች፣ እና ወደ ነርሶቹ ዞራ ለቀዶ ጥገና አዘጋጇት፣ ልጁ መውጣት አለበት አለች። ከመግባቷ በፊት አንድ ወረቀት አስመጥታ፣ በካርዱ ላይ ያሉት ቁጥሮች ያልተለኩ መሆናቸውን ጻፊና ፈርሚ፣ ለጤና ቢሮም መጻፍ ይኖርብኛል አለቻት። ሲስተር ጥድፊያ ጻፈች፣ ፈረመች። እጅ ጽሑፏ ያኔም ያምር ነበር፣ ይህም አናደዳት።

በሩ ተዘጋ። ሲስተር ጥድፊያ ከግድግዳ ግድግዳ ትመላለስ ጀመር፤ አሥራ ዘጠኝ እርምጃ ሄዳ አሥራ ዘጠኝ ትመለሳለች። የትንሿ ባል ግን ንቅንቅ አላለም። ኮሪደሩ ውስጥ የተናገረችውን ሰምቷል፤ ከዚያ ወዲህ ቃል አልወጣውም። እሷ ይሰድበኝ፣ ይጩህብኝ እያለች ጠበቀች። መንገድ ላይ ለሚያልፍ ሁሉ የሚበቃ ስድብ ያለው ሰው ለእሷ አንድ አጣ። ብዙ ቆይቶ ነው የተናገረው፣ ያውም ቀና ሳይል።

«ትናንት ልውሰድሽ ብያት ነበር እኮ። ካርዱን አውጥታ አሳየችኝ። እትዬ የጻፈችው ነው፣ ደህና ነኝ አለችኝ። እርስዎ ጽፈውታል ብዬ ሥራ ሄድኩ።»

ያች እርስዎ ከስድብ ሁሉ ከፋች።  ሲስተር ጥድፊያ መመላለሷን ቀጠለች።

ሕፃኗ ሴት ናት፤ ቀዶ ጥገናው ሲያልቅ በፎጣ ተጠቅልላ ወደ ሙቀት ክፍል ስትወሰድ አዩዋት። ሁለት ኪሎ አልሞላችም፣ ግን ድምፅ አላት፣ ድምፅዋም እንደ አባቷ ስድብ የሚያበዛ ሰው ድምፅ ነበር። ትንሿን ግን በመድኃኒት እንደ ፈዘዘች ለብቻዋ ክፍል አስገቧት። መንቀጥቀጡ ከወለዱ በኋላም ይነሳል፣ ሁለት ሦስት ቀን አናምነውም አለች ዶክተሯ። ሲስተር ጥድፊያ ይህን ከማንም በላይ ታውቀዋለች። ሁለት ቀን በዚያ ኮሪደር ስትመላለስ ዋለች፤ ጽዳት ሠራተኛዋ፣ እሜቴ መወልወያውን ይያዙና ሥራውን ያግዙኝ እንጂ ብላ ቀለደችባት። መካከል ላይ ሲስተር እርጋታ ደውላ ነበር። ሁሉን ሰምታለች። ዛሬ የዘበኛውን ሚስት በበር አስገብቼ ለካኋት፣ ተቀይማኛለች አለቻት፣ ስልኩንም ዘጋች።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት ትንሿ ነቃች፤ ሰው አወቀች፣ ውኃ ጠየቀች፣ ልጇን አምጥተው አሳዩዋት። ባሏ ከክፍሉ ሲወጣ ሲስተር ጥድፊያን በሩ ላይ አገኛት። እኔ ምንም አልነገርኳትም፣ መንገሩ የእርስዎ ነው አላትና መንገድ ለቀቀላት።

ትንሿ ትራስ ላይ ቀና ብላለች። እብጠቱ ጎድሎ የድሮ ፊቷ ከሥር ብቅ እያለ ነው። እህቷን ስታይ ሳቀች፤ ቁስሏ ስላመማት ግማሽ ላይ አቆመችው።

«እዚህም በመስኮት አስገባሽኝ አሉ» አለቻት። «ያን ሁሉ ሰልፍ አስዘለልሽኝ። እትዬ ባለችበት ወረፋ የለም።»

ሳቅ ብሎ ማለፍ ይቻል ነበር። ሲስተር ጥድፊያ ግን አልሳቀችም። አልጋው ጫፍ ላይ እንደቆመች ከመጀመሪያው ጀምራ ነገረቻት፤ ግድግዳው ላይ ስለታሰረው መለኪያ፣ ስለማይደርሰው ቱቦ፣ ሾፌሩ ስላመጣው ካርድ፣ ሦስተኛው መስመር ላይ ቁጥሩን ለምን እንደቀየረችው። የቀለበቱንም ነገር አልተወችም። ትንሿ እስከ መጨረሻው ሳታቋርጥ ሰማች።

«አንዴም?» አለች።

«አንዴም።»

ትንሿ አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻል ነበር። ዓይኗን ወደ ጣሪያው መለሰች። 

«ካርዱን ትራስ ሥር ነበር የማስቀምጠው» አለች በኋላ። «ያወቅሽው አይመስለኝም። እንደበፊቶቹ የሚሆን እየመሰለኝ ሲጨንቀኝ አውጥቼ አነበው ነበር። መቶ አስር በሰባ። መቶ አሥራ አምስት በሰባ አምስት። በቃሌ ይዤዋለሁ።»

ሲስተር ጥድፊያ አለቀሰች። ድምፅ አላወጣችም፤ እንባዋ ጋውኗ ላይ ሲወርድ ለመጥረግም አልሞከረችም። ጥፋቷን እስካሁን በቢሮ ደብዳቤ፣ በወጣቷ ነርስ ፊት፣ በሾፌሩ ዝምታ ነበር የለካችው። ለካ ትልቁ ጥፋት እዚያ ትራስ ሥር ነበር።

በዚህ መካከል ተረኛዋ ነርስ በጎማ የሚሄደውን መለኪያ እየገፋች ገባች። በየሰዓቱ ይለኳታል። ጨርቁን ልታስርላት ስትል ትንሿ ክንዷን ሰበሰበች። ነርሷ ግራ ገባት። ትንሿ ክንዷን በአልጋው በሌላ በኩል፣ ወደ እህቷ ዘረጋችው።

«በይ ለኪኝ» አለቻት።

ሲስተር ጥድፊያ ነርሷን አየቻት፤ ነርሷ ማዳመጫውን ከአንገቷ አውጥታ ሰጠቻት። ይህን ክንድ ታውቀዋለች። በሳሙና አጥባዋለች፣ በትምህርት ቤት ሹራብ እጅጌ ውስጥ አስገብታዋለች፣ አንድ ክረምት ሲሰበር በጨርቅ አንገቷ ላይ አንጠልጥላላታለች። ጨርቁን ጠቀለለችበት። ነፋች፣ ለቀቅ አደረገች፣ አዳመጠች። ቸኩላ ያመለጣት መሰላትና እንደገና ነፋች፤ በዚህኛው ጊዜ አልቸኮለችም። የእህቷ ደም በጆሮዋ ውስጥ ሲመታ ሰማችው።

«ስንት ነው?» አለች ትንሿ።

«መቶ አርባ ስምንት በዘጠና ስድስት።»

«ጥሩ ነው?»

«አይደለም» አለች ሲስተር ጥድፊያ። «ከትናንቱ ይሻላል፣ ግን ገና ጥሩ አይደለም።»

«ጻፊው» አለች ትንሿ፣ ክንዷን ሳትሰበስብ።

ሲስተር ጥድፊያ ወንበሩን ስባ ቁጭ አለችና ጻፈችው።